የበልግ ሰማይ፦ መብረቅ፣ በረዶና ደራሽ ውሃ ከየት ይመጣሉ?

በምሥራቅ ጎጃም፣ ከብቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ግንደወይን የምትባል ከተማ አለች። የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በደቡብ ምዕራብ በኩል ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,000 ሜትር የሚበልጠው የጮቄ ተራራ ይነሣል፤ በሰሜንና በምሥራቅ ደግሞ መሬቱ እየወረደ ሄዶ ዓባይ በረሃ ይገባል። በጥቂት ሰዓት የእግር መንገድ ልዩነት ብርዱ የሚያንቀጠቅጥ ደጋና ሙቀቱ የሚያቃጥል ቆላ የሚጎራበቱበት አገር ነው። ስለዚህ የኢትዮጵያ ሰማይ በበልግ ወራት የሚሠራውን ለመማር ከዚህ የተሻለ ቦታ ማግኘት ይከብዳል።

ለዚህ አካባቢ ገበሬ በልግ ዋና የዝናብ ወቅት አይደለም። ጤፉም ስንዴውም የሚበቅለው በክረምት ዝናብ ነው። በልግ የሚያመጣው ዝናብ በመጠኑ ከክረምቱ እጅግ ያነሰ ነው። አደጋው ግን በመጠኑ አይለካም። የበልግ ዝናብ ለወራት በደረቀ መሬት ላይ፣ ሰውም ከብቱም ሜዳ ላይ በተሰማራበት ሰዓት፣ መብረቅ፣ በረዶና ነፋስ አስከትሎ በድንገት ይመጣል። ጉዳቱም የሚበዛው ከዚህ አመጣጡ የተነሣ ነው። ደግነቱ፣ ድንገተኛ ነው ማለት ምልክት የለውም ማለት አይደለም። የበልግ ሰማይ ሕግ አለው፤ ሕጉን የሚያውቅ ሰው ራሱን፣ ልጆቹንና ከብቶቹን ማትረፍ ይችላል። ይህ ጽሑፍ ያንን ሕግ ከመነሻው ጀምሮ ያስረዳል።

የወቅቱ መነሻ

የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ዓመቱን በሦስት ወቅቶች ይከፍለዋል። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው በጋ፣ ከየካቲት እስከ ግንቦት ያለው በልግ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ክረምት ይባላል። በቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠር ግን ዓመቱ አራት ክፍል አለው፤ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ጊዜ ፀደይ ነው። ሁለቱም አከፋፈሎች የየራሳቸው ዓላማ አላቸው። የሚቲዎሮሎጂው አከፋፈል የተመሠረተው በዝናቡ አመጣጥ ላይ ስለሆነ እዚህ የምንከተለው እሱን ነው።

የበልግ ዝናብ መነሻ የፀሐይ ጉዞ ነው። መጋቢት 12 ገደማ ፀሐይ ከምድር ወገብ በላይ ቀጥ ብላ ትቆምና ወደ ሰሜን ጉዞዋን ትቀጥላለች። ሚያዝያ 10 ገደማ ደግሞ በግንደወይን አናት ላይ ታልፋለች። በዚያ ሰሞን ሜዳ ላይ እንጨት ቀጥ አድርጎ የተከለ ሰው ይህን በዓይኑ ማረጋገጥ ይችላል፤ ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ ሲሆን የእንጨቱ ጥላ ወደ ሥሩ ተሰብስቦ ይጠፋል። ጨረሩ እንዲህ በቀጥታ ሲያርፍ መሬቱ እጅግ ይሞቃል፤ ከመሬቱ ጋር የሚገናኘው አየርም ሞቆ ሽቅብ ይነሣል።

ፀሐይ ወደ ሰሜን ስትሄድ የዝናብ ቀበቶውም ይከተላታል። ይህ ቀበቶ ከሰሜንና ከደቡብ ንፍቀ ክበብ የሚነሡ ነፋሳት በምድር ወገብ አካባቢ የሚገናኙበት፣ አየር ወደ ላይ የሚወጣበትና ደመና የሚበዛበት መስመር ነው። በበልግ ወራት ወደ አገራችን እርጥበት የሚያመጣው በዋናነት ከሕንድ ውቅያኖስ በኩል የሚነፍሰው ነፋስ ነው። አልፎ አልፎ ደግሞ ከሜዲትራኒያን አቅጣጫ ቀዝቃዛ አየር በከፍታ ላይ ተንሸራቶ ይደርሳል። ከታች ሞቃትና እርጥብ አየር፣ ከላይ ቀዝቃዛ አየር ሲነባበሩ ከባቢው አየር ሚዛኑን ያጣል፤ ሞቃቱ ወደ ላይ ይፈነቀላል፣ ቀዝቃዛው ወደ ታች ይወርዳል። ነጎድጓዳማ ዝናብ የሚወለደው ከዚህ ግጭት ነው።

በክረምት ነፋሱ ጸንቶ ስለሚነፍስ ዝናቡም ቀን ከቀን ይቀጥላል። የበልግ እርጥበት ግን ይመጣል፣ ይሄዳል። አንድ ሳምንት ዶፍ ጥሎ ሁለት ሳምንት ሰማዩ ጠርቶ ሊከርም ይችላል። ገበሬው በልግን የማያምነው ያለ ምክንያት አይደለም።

ሰፊ አገር፣ ብዙ በልግ

ኢትዮጵያ ከ1.1 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት አላት። ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ከሚወርደው ከዳሎል አንሥቶ ከ4,500 ሜትር በላይ እስከሚደርሰው ራስ ደጀን ድረስ ከፍታዋ ይለያያል። በዚህ ሁሉ ስፋትና ከፍታ ላይ አንድ ዓይነት በልግ ሊኖር አይችልም።

በቦረናና በሶማሌ ክልል ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚጥለው ዝናብ የዓመቱ ዋነኛ ዝናብ ነው፤ ከዓመታዊው መጠን ከግማሽ በላይ የሚገኘው በእነዚህ ወራት ነው። ሶማሌዎች ይህን ወቅት ጉ ይሉታል። አፋሮች ሱጉም የሚሉት አጭር ዝናብ የግጦሹን ሣር የሚያነሣው በመጋቢትና በሚያዝያ ነው። በደቡብ ወሎና በሰሜን ሸዋ ደጋማ ቦታዎች ገበሬው በበልግ ገብስ ይዘራል። በደቡቡ የአገሪቱ ክፍል በቆሎውና ስኳር ድንቹ የበልግን ዝናብ ይጠብቃሉ። በጎጃም ደግሞ በልግ መሬት የሚለሰልስበት፣ የመጀመሪያው ገመሳ የሚጀመርበት ጊዜ ነው። በአገር ደረጃ የበልግ ሰብል ከዓመቱ ምርት ከአሥር እጅ አንዱን ያህል ወይም ከዚያ ያነሰውን ይይዛል። ሆኖም ያቺ ድርሻ የምትሰበሰበው የክረምቱ እህል ከጎተራ በሚያልቅበት ወቅት ስለሆነ ለብዙ ቤተሰብ ከረሃብ መሻገሪያ ናት።

ስለዚህ በልግ በመምጣቱም በመቅረቱም ይጎዳል። በ1976 ዓ.ም. የበልግ ዝናብ ከሸፈ፤ ክረምቱም ደካማ ሆኖ በ1977 ዓ.ም. ዓለምን ያስለቀሰው ረሃብ ተከተለ። በ2007 ዓ.ም. በልጉ ሲጎድል ኤል ኒኞ የሚባለው የአየር ንብረት ክስተት ክረምቱንም አዛባው፤ በ2008 ዓ.ም. መንግሥትና የረድኤት ድርጅቶች የምግብ እርዳታ የሚያስፈልገው ሕዝብ 10.2 ሚሊዮን መድረሱን አስታወቁ። ከ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ ኢትዮጵያ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሳይሳኩ ቀሩ፤ ከብቱ አለቀ። በመጋቢት 2015 ዓ.ም. ዝናቡ በመጨረሻ ሲመጣ ደግሞ በድርቅ የተራቆተውን መሬት ጎርፍ አጥለቀለቀው። አንድ አካባቢ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከድርቅ ወደ ጎርፍ ሊገለበጥ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

የበልግ ሰማይ ድንገተኛ ጠባይ የእኛ ብቻ አይደለም። በሰሜን ንፍቀ ክበብ ፀደይ ሲገባ የሚሞቅ መሬትና ከላይ የሚቆይ ቀዝቃዛ አየር በብዙ አገር ይገናኛሉ። በአሜሪካ በዚህ ወቅት ቶርኔዶ የሚባለው አጥፊ አውሎ ነፋስ ይበረታል፤ ሚያዝያ 19 ቀን 2003 ዓ.ም. በአንድ ቀን ብቻ ከ300 በላይ ሰዎች በዚሁ ሞተዋል። የዓለም የሚቲዎሮሎጂ ድርጅት በበረዶ አደጋ ብዙ ሰው የሞተበት ብሎ የመዘገበውም በፀደይ የደረሰ ነው፤ በ1880 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር ሞራዳባድ በተባለችው የሕንድ ከተማ አካባቢ 246 ሰዎች በበረዶ ተመትተው አልቀዋል።

አንድ ከሰዓት በኋላ በጮቄ ግርጌ

የበልግ ነጎድጓድ ሰዓት አለው። በሚያዝያ ወር ግንደወይን አካባቢ የሚውል ሰው ሂደቱን ደረጃ በደረጃ ሊከታተለው ይችላል።

ጧት ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ፀሐይ የተራራውን ገደላገደልና የዓባይን ሸለቆ ግድግዳ ስታሞቅ፣ በዳገቱ ላይ ያለው አየር ሽቅብ መውጣት ይጀምራል። አምስት ሰዓት ገደማ ጮቄ አናት ላይ ጥቂት ነጫጭ ደመናዎች ብቅ ይላሉ። አየሩ በየ1,000 ሜትሩ ከ6 እስከ 10 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ እየቀዘቀዘ ስለሚወጣ፣ ያዘለው እንፋሎት ወደ ጥቃቅን ጠብታ ይለወጣል፤ ነጩ ደመና እሱ ነው። እንፋሎት ወደ ውሃ ሲለወጥ ሙቀት ይለቃል፤ ሙቀቱም ደመናውን ይበልጥ ወደ ላይ ይገፋዋል።

ሰባት ሰዓት ላይ ደመናው ግንብ ይሠራል። ጫፉ ጠርዙ የተሳለ፣ ቅርጹ ጉብ ጉብ ያለ ከሆነ ገና እያደገ ነው። ስምንት ሰዓት ሲሆን ሆዱ ይጠቁራል፤ አናቱ ከ12 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ደርሶ ወደ ላይ መሄድ ሲሳነው ወደ ጎን ይነጠፋል። ጠፍጣፋ አናትና ጥቁር ሆድ ያለው ደመና የነጎድጓድ ደመና ነው፤ መብረቅም በረዶም ዶፍም የሚወጣው ከእሱ ነው።

ከዚያ ድንገት ቀዝቃዛ ነፋስ መንደሩን ያቋርጣል። አቧራና ገለባ ይነሣል፤ አየሩ የረጠበ አፈር ይሸታል። ይህ ነፋስ ከደመናው ውስጥ ዝናቡ ይዞት የወረደ ቀዝቃዛ አየር ነው፤ መሬት ሲነካ ወደ ጎን ይበተናል። የደረቀ ዛፍ የሚገነድሰው፣ በደንብ ያልተመታ የቤትና የትምህርት ቤት ቆርቆሮ የሚገነጥለው እሱ ነው። ደመናው ለሰው የሚሰጠው የመጨረሻ ማስጠንቀቂያም ነው፤ ከእሱ በኋላ የሚቀረው ጊዜ የሚቆጠረው በደቂቃ ነው። ተራርቀው የሚወድቁ ወፋፍራም ጠብታዎች ይቀድማሉ፣ ዶፉ ይከተላል። ብዙ ጊዜ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ሁሉም ነገር ያልፋል።

መብረቅ

በነጎድጓድ ደመና ውስጥ የበረዶ ቅንጣቶች እየተላተሙ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። በግጭቱ ቀላሎቹ ቅንጣቶች አንድ ዓይነት የኤሌክትሪክ ሙል ይዘው ወደ ላይ ሲወጡ፣ ከባዶቹ ተቃራኒውን ይዘው ከታች ይቀራሉ። ልዩነቱ አየር ሊከለክለው ከሚችለው በላይ ሲሆን ኤሌክትሪኩ መንገዱን ሰብሮ ይፈሳል። መብረቅ ይህ ነው። በሚያልፍበት ጠባብ መስመር ያለውን አየር እስከ 30,000 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያሞቀዋል፤ ይህም ከፀሐይ ገጽ ሙቀት አምስት እጥፍ ገደማ ነው። በቅጽበት የሞቀው አየር ሲፈነዳ የሚሰማን ድምፅ ነጎድጓድ ነው።

ብርሃን ወዲያው ይደርሳል፤ ድምፅ ግን አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ ሦስት ሴኮንድ ገደማ ይፈጅበታል። ስለዚህ ብልጭታውን ካዩበት ጊዜ ጀምሮ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ድረስ የቆጠሩትን ሴኮንድ ለሦስት ቢያካፍሉ ርቀቱን በኪሎ ሜትር ያገኙታል። ቆጠራው 30 ሳይሞላ ነጎድጓዱ ከተሰማ መብረቁ ያለው ከአሥር ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ነው፤ ቀጣዩ ያሉበት ቦታ ላይ ሊወድቅ ስለሚችል ወዲያውኑ መጠለል ይገባል። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላም 30 ደቂቃ ሳይቆዩ መውጣት አይመከርም።

መብረቅ ከአካባቢው ከፍ ያለውን ነገር ይመርጣል፦ የኮረብታ ጫፍን፣ ሜዳ መካከል ብቻውን የቆመ ዋርካን፣ ረጅም ባሕር ዛፍን። ዝናብ ሲጥል ዛፍ ሥር መጠለል የሚያስከትለው አደጋ ከዚህ ይመጣል። ዛፉን የመታው ኤሌክትሪክ ወደ ተጠጋው ሰው ሊዘል፣ በሥሩም በኩል በመሬት ላይ ሊሰራጭ ይችላል። የከብት የፊትና የኋላ እግር ተራርቆ ስለሚቆም በመሬቱ ላይ የሚሄደው ኤሌክትሪክ በአንዱ እግር ገብቶ በሌላው ሲወጣ በልቡ በኩል ያልፋል። ዛፍ ሥር ተሰብስቦ የቆመ መንጋ በአንድ መብረቅ አብሮ የሚያልቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ጎጆ ቤት ከዝናቡ ይሸፍናል እንጂ ከመብረቅ አያድንም። እ.ኤ.አ. በ1975 በዛሬዋ ዚምባብዌ አንድ ጎጆ ውስጥ ተጠልለው የነበሩ 21 ሰዎች በአንድ መብረቅ ሞተዋል፤ የዓለም የሚቲዎሮሎጂ ድርጅት በአንድ ቀጥተኛ ምት ብዙ ሰው የሞተበት ብሎ የመዘገበው ይህንን ነው። የተሻለው መጠለያ የኤሌክትሪክና የውሃ መስመር የተዘረጋለት ትልቅ ሕንፃ፣ ወይም ብረት አካሉ ዙሪያውን የዘጋ መኪናና አውቶቡስ ነው፤ ኤሌክትሪኩ በብረቱ ዙሪያ አልፎ ወደ መሬት ይወርዳል። ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ከግድግዳው፣ ከበሩና ከመስኮቱ ርቆ መካከል ላይ ይቀመጥ፤ ሶኬት ላይ የተሰካ ነገርም አይንካ። ሞባይል ስልክ በራሱ መብረቅ አይጠራም፤ ቻርጅ ላይ እንደተሰካ መያዙ ግን አደገኛ ነው።

ከቤት ርቆ ሜዳ ላይ የተያዘ ሰው ከጉብታው ይውረድ፣ ከብቸኛ ዛፍና ከሽቦ አጥር ይራቅ፣ ሁለት እግሩን ገጥሞ ቁጢጥ ይበል፤ መሬት ላይ መተኛት ተገቢ አይደለም። ብዙ እረኞች አብረው ካሉ ተራርቀው መቀመጥ አለባቸው፤ አንዱ ቢመታ ሌላው ይረዳዋል። ቀይ ልብስ መብረቅ ይጠራል የሚለው አባባል በብዙ ቦታ ይሰማል። መብረቅ ግን ቀለም አይለይም፤ የሚያየው ከፍታን ነው። ነጭ ጋቢ ለብሶ ዛፍ ሥር የቆመ ሰው ከቀይ ለባሹ አይሻልም።

አንድ ነገር ሁሉም ሰው ሊያውቀው ይገባል። በመብረቅ የተመታ ሰው ገላ ላይ የሚቀር ኤሌክትሪክ የለም፤ ቢነኩት አይጎዳም። አብዛኞቹ የተመቱ ሰዎችም ይተርፋሉ። ልቡና ትንፋሹ የቆመውን ሰው ሳይዘገዩ ደረቱን በተከታታይ በመጫንና ትንፋሽ በመስጠት ማትረፍ ስለሚቻል ጤና ጣቢያ እስኪደርስ ድረስ እርዳታው መቋረጥ የለበትም።

በረዶ

ከወደቀ በረዶ አንዱን ትልቅ ፍሬ አንሥተው በቢላ ለሁለት ቢከፍሉት የተሠራበትን ታሪክ ያነቡበታል። ውስጡ እንደ ሽንኩርት ልጥ በልጥ ነው፤ አንዱ ንብርብር የጠራ፣ አንዱ የነጣ። ፍሬው መጀመሪያ ትንሽ የበረዶ ቅንጣት ነበረ። ሽቅብ የሚነፍሰው አየር ይዞት ወጣ፤ በጣም የቀዘቀዘ ግን ገና ያልረጋ ውሃ ነካውና ላዩ ላይ ረጋ። ውሃው ቀስ ብሎ ሲረጋ የጠራ ልጥ፣ ፈጥኖ ሲረጋ አየር አፍኖ የነጣ ልጥ ይሠራል። ክብደቱ ነፋሱ ሊሸከመው ከሚችለው በላይ ሲሆን ይወድቃል። ስለዚህ የበረዶው ፍሬ ትልቀት ደመናው ውስጥ የነበረው ነፋስ ምን ያህል ብርቱ እንደነበር ይነግረናል። እስከ ዛሬ በክብደት የተመዘገበው ትልቁ ፍሬ 1.02 ኪሎ ግራም ይመዝን ነበር፤ የወደቀውም በ1978 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር ባንግላዴሽ ውስጥ ነው።

በሐሩር አገሮች ውሃ የሚረጋበት ከፍታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,500 እስከ 5,000 ሜትር ገደማ ነው። ቆላ ላይ በረዶው ከዚያ ተነሥቶ መሬት እስኪደርስ በሞቃት አየር ውስጥ ረጅም መንገድ ስለሚጓዝ ብዙ ጊዜ ቀልጦ ዝናብ ይሆናል። ብቸናና ሞጣ ግን 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው፤ በረዶው የሚጓዘው መንገድ በግማሽ ያጥርበታል። የጮቄ መንደሮች ጋ ደግሞ ከዚያም ያጥራል። የኢትዮጵያ ደጋ በረዶ የሚበዛበት፣ አዲስ አበባም አንዳንድ ከሰዓት በኋላ መንገዷ በበረዶ የሚነጣው በዚህ ምክንያት ነው። ሻይ የሚበቅልበት የኬንያ ደጋም፣ በተለይ ኬሪቾና ናንዲ፣ በዚሁ ምክንያት በበረዶ ይታወቃል።

በበልግ የጎጃም ማሳ ገና ያልተዘራ ስለሆነ በረዶ በቀጥታ የሚጎዳው በመስኖ የለማውን ድንችና ሽንኩርት፣ የፍራፍሬ ዛፎችንና ጥጆችን ነው። የበልግ ገብስ በሚዘራባቸው የወሎና የሸዋ ደጋዎች ግን ግማሽ ሰዓት የወረደ በረዶ የወራት ልፋትን ሊያጠፋ ይችላል።

ደራሽ ውሃና የሚሄድ አፈር

ከበልግ አደጋዎች ሁሉ እጅግ አታላዩ ደራሽ ውሃ ነው። ዝናቡ የጣለው ጮቄ ላይ ነው፤ ወንዙን የሚሻገረው ሰው ግን ታች ቆላ ላይ፣ ፀሐይ እየሞቀው ነው። ሙጋና ሱሃ የተባሉት ወንዞች ከዚህ ተራራ ተነሥተው ወደ ዓባይ ይወርዳሉ። በበጋ ሰውና አህያ ድንጋይ እየረገጠ የሚሻገራቸው ወንዞች፣ ደጋው ላይ ዶፍ በጣለ ጥቂት ሰዓት ውስጥ ግንድና ቋጥኝ እያንከባለሉ ሊመጡ ይችላሉ። ፈጥኖ የሚሄድ ውሃ ጥልቀቱ 15 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢሆንም አዋቂ ሰው ሊጥል ይችላል፤ 60 ሴንቲ ሜትር ከደረሰ መኪና ያነሣል። የወንዙ ውሃ ድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና ገለባ ካዘለ፣ ከላይ ጉምጉምታ ከተሰማ የሚቀረው ጊዜ ትንሽ ነው። ያን ጊዜ የሚያዋጣው ወደ ከፍታ መሸሽ ነው እንጂ ፈጥኖ መሻገር አይደለም።

ደራሽ ውሃ በክረምትም ይገድላል፤ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደርቆ የሚከርመው የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ድሬዳዋን ሲመታ ከ250 በላይ ሰዎች ሞተዋል። በ2008 ዓ.ም. በልግ ጅግጅጋ ላይ የደረሰው ጎርፍ ከ20 በላይ የሚሆኑ ሰዎችን ሕይወት ቀጥፏል። በግንቦት 2010 ዓ.ም. በሲዳማና በምዕራብ አርሲ የበልግ ዝናብ ያራሰው ዳገት ተንዶ እንዲሁ ከ20 በላይ ሰዎችን ቀብሯል።

ጎርፉ ሰው ባይወስድ እንኳ አፈር ይወስዳል። በመጋቢትና በሚያዝያ ማሳው ከሰብልም ከሣርም ባዶ ነው፤ በከብት ተረግጦ ደድሯል ወይም ተገምሶ ላልቷል። ኃይለኛ ጠብታ ሲያርፍበት የሚከላከልለት ቅጠል የለም። በ1976 ዓ.ም. በምዕራብ ጎጃም አንጀኒ ላይ የተቋቋመው የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ይህን በማሳና በወንዝ ላይ በመለካት ከአገሪቱ ቀዳሚዎች አንዱ ነው። በዚያው የምርምር ዘመን በኢትዮጵያ ከሚታረስ መሬት በዓመት በአማካይ ከአንድ ሄክታር 42 ቶን አፈር እንደሚሄድ ተገምቷል። 42 ቶን 420 ኩንታል ነው። ከዚያው ሄክታር የሚገኘው ጤፍ በአገር አማካይ 20 ኩንታል አይሞላም። እርከን፣ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይና በቦረቦር ላይ የሚሠራ ክትር ከበልግ በፊት መጠገን ያለባቸው በዚህ ስሌት ነው፤ የክረምቱን ጎርፍ የሚጠብቅ ሰው የበልጉን ዘግይቶበታል።

ትንበያን ማንበብ

በኢትዮጵያ የአየር ጠባይ ምልከታ ለረጅም ጊዜ የቆየው በሲቪል አቪዬሽን ሥር ነበር፤ በመጀመሪያ የሚፈልገው አውሮፕላኑ ነበርና። በታኅሣሥ 1973 ዓ.ም. ራሱን የቻለ የብሔራዊ ሚቲዎሮሎጂ አገልግሎት በአዋጅ ተቋቋመ። ኋላ ኤጀንሲ፣ አሁን ደግሞ የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ተብሎ ሥራውን ቀጥሏል። ተቋሙ በጋ፣ በልግና ክረምት ከመግባታቸው በፊት የወቅት ትንበያ ያወጣል፤ በመካከሉ የአሥር ቀንና የዕለት ትንበያ ይሰጣል። ለዚህም በየወረዳው ያሉ የዝናብ መለኪያዎችን፣ የውቅያኖሶችን ሙቀትና አፍሪካን በየ15 ደቂቃው የሚያነሡ የሳተላይት ምስሎችን ይጠቀማል።

የወቅት ትንበያ የሚነገረው በዕድል ነው። ለምሳሌ አንድ ትንበያ “ከመደበኛ በላይ 45 በመቶ፣ መደበኛ 35 በመቶ፣ ከመደበኛ በታች 20 በመቶ” ቢል፣ መደበኛ የሚባለው ለ30 ዓመት አማካይ የተጠጋው ነው። ትንበያው የሚለው ዝናቡ የመብዛት ዕድሉ ይበልጣል ነው፤ ከአምስት አንድ ጊዜ ያህል ግን ሊያንስ ይችላል። ስለዚህ አስተዋይ ገበሬ ዘሩን ሁሉ በአንድ ቀን አይበትንም፤ ለሁለቱም ይዘጋጃል።

የዕለት ትንበያም የራሱ ወሰን አለው። ነገ ከሰዓት በምሥራቅ ጎጃም ነጎድጓዳማ ዝናብ እንደሚጠበቅ ሊነግረን ይችላል፤ በረዶው የትኛው ቀበሌ ላይ እንደሚወርድ ግን ከቀን በፊት ሊነግረን አይችልም። የነጎድጓድ ደመና ስፋቱ ጥቂት ኪሎ ሜትር፣ ዕድሜው አንድ ሰዓት ገደማ ነውና። የቀረውን የሚሞላው የሰው ዓይንና ጆሮ ነው። ሬዲዮው ቀኑን ይነግራል፤ ሰዓቱን የሚነግረው ጮቄ አናት ላይ የቆመው ደመና ነው። ሁለቱ ሲጣመሩ ነው ማስጠንቀቂያ የሚሟላው።

ይህ እውቀት ወደፊት ይበልጥ ያስፈልገናል። አየር በአንድ ዲግሪ ሲሞቅ ሊይዝ የሚችለው እንፋሎት በሰባት በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ዓለም በሞቀ ቁጥር አንድ ደመና በአንድ ጊዜ የሚያወርደው ዝናብ ይከብዳል። ድርቁና ጎርፉም ተከታትለው መምጣታቸው አይቀርም።

በልግ ያለ ማሳወቅ አይመጣም። ስለዚህ የካቲት ሳይወጣ ቆርቆሮውን በሚስማር እናጥብቅ፣ ቦዩን እንጥረግ፣ እርከኑን እንጠግን። ጧት ትንበያውን እናዳምጥ፤ ሩቅ የሚሰማራው እረኛ፣ ወንዝ የሚሻገረው ተማሪና ገበያተኛም ከቤት ሳይወጣ ይስማው። መምህራን የሴኮንዱን ቆጠራ ለተማሪዎቻቸው ያስተምሩ፤ አንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃዋል። ከቀኑ ስምንት ሰዓት በኋላ ነጎድጓድ የሰማ ሰው ሜዳ ላይ አይቆይ፤ ልጆቹንም ከብቶቹንም ዛፍ ሥር አያቁም።